የጸባይ ዋንጫው

የክለቡን ስም አልጠራም፤ ቀሪ ክፍያችን ገና በእጃቸው ነው።

ሥራው በመግቢያው አዳራሽ አንዱን ግድግዳ የሚሞላና ውስጡ በኤልኢዲ የሚበራ የዋንጫ መደርደሪያ ነበር፤ ለምሥረታ በዓሉ መድረስ አለበት። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ገና ስንተዋወቅ «ኢንጂነር» ብለው ጠሩኝ። ኢንጂነር አይደለሁም፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። ደንበኛ በነጻ ማዕረግ ሲሰጥ ዋጋ ሊያስቀንስ ነው ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ዋጋውን ትተው ምክራችንን መቀነስ ጀመሩ።

የመጀመሪያው ክርክር የብርሃኑ ቀለም ነበር። 6500 ኬልቪን ካልሆነ አሉ፣ ያ የፋርማሲ ነጭ። ወርቃማ ዋንጫ በዚያ ብርሃን ወዙን እንደሚያጣ ነግሬ ስላላመኑኝ፣ ሞቅ ያለ ቢጫማ የሆነውን የ3000 ቁራጭ አምጥቼ ሁለቱን ጎን ለጎን አበራሁላቸው። እዚህ ላይ ተሸነፉ። ስትሪፑን፣ ማለትም ኤልኢዲዎቹ የተደረደሩበትን ጥብጣብ፣ በየመደርደሪያው የፊት ጠርዝ ላይ፣ ቦይ በመሰለ የአሉሚኒየም ፕሮፋይል ውስጥ፣ ወደ ውስጥ አዘንብለን ገጠምን። ሽፋኑ ነጣ ያለ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ግን ውስጡን አጥርቶ የማያሳይ ዓይነት ነው፤ አለዚያ የኤልኢዲው ነጥቦች ተደርድረው የዋንጫው ሆድ ላይ ይታያሉ። መስመሩ ረጅም ስለሆነ ጫፉ እንዳይደበዝዝ 12 ቮልቱን ትተን 24 አደረግን። ሲሊኮኑንም ኮምጣጤ የማይሸተውን መረጥን፤ ርካሹ ሲደርቅ የሚያወጣው አሲድ በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ብረት ያበላሻል።

ስለዚህ ሁሉ የጠየቀኝ የለም። ኃላፊውን የሚያስጨንቃቸው የፊት መስታወቱ ውፍረት ብቻ ነበር፤ ሌባ ይሰብረዋል ብለው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1983 ከብራዚል እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የተሰረቀው የዡል ሪሜ ዋንጫ፣ የቀድሞው የዓለም ዋንጫ፣ ፊት ለፊቱ ጥይት የማይበሳው መስታወት እንደነበረው፣ ሌቦቹ ግን የኋላውን እንጨት ፈልቅቀው እንደወሰዱት ነገርኳቸው። በጥሞና ሰሙኝ። ከዚያም «እንግዲያው ኋላውን መልክ የሚያሳይ መስታወት አድርገው፤ ዋንጫው እጥፍ ይመስላል» አሉ። እኔ ጠቆር ያለ የከፋይ ጨርቅ ነበር ያሰብኩት።

በበዓሉ ዋዜማ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሽማግሌ እያንዳንዱን ዋንጫ በጨርቅ እየወለወሉ ያቀብላሉ፣ ኃላፊው ይደረድራሉ። መካከለኛውን ቦታ የያዘው ትልቁ ነበር፤ ባለ ሁለት ጆሮ፣ ክዳኑ ላይ ክንፉን የዘረጋ ንስር ያለበት። የሻምፒዮናው ዋንጫ ስንዝር ተኩል እንኳን አይሞላም፣ አንድ ጆሮውም ጠሟል፤ ታችኛው ጥግ ገባ። ቦታ ቢለዋወጡስ ብል «በፎቶ አይወጣም» ተባልኩ።

ማብሪያውን ተጫንኩ። እውነት ለመናገር አማረ። ኃላፊው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አሉ፣ ፈገግ አሉ፣ ከዚያ ፈገግታው ቆመ። በትልቁ ዋንጫ ሆድ ላይ፣ ከአምስት ሜትር በሚነበብ ፊደል፣ «የጸባይ ዋንጫ» ይላል።

«ኢንጂነር፣ ይህ ጽሑፍ ምነው ይህን ያህል ጎላ?»

«ብርሃኑ ከላይ ገደድ ብሎ ስለሚወርድ የተቀረጸው ፊደል ጥላ ይይዛል።»

«ዋንጫው ይብራ፣ ጽሑፉ አይብራ። አይቻልም?»

በዚህ ሙያ ብዙ ተጠይቄአለሁ፤ ሐውልትን ያለ ሽቦ አብራ ያለኝም አለ። የዚህ ግን የከፋው መቻሉ ነው። ሰፊና ለስላሳ ብርሃን ፊት ለፊት ቢገጠምለት ጥላው ይጠፋል፣ ቅርጹም አብሮ ይሟሟል። ግን የገጠምነውን ሁሉ መንቀል ነው፣ ያውም በዋዜማው ምሽት፣ ያውም ጽሑፍ ለመደበቅ። ዝም አልኩ።

ሽማግሌው ጨርቃቸውን እያጠፉ «የጸባይ ዋንጫ ምን ነውር አለው?» አሉ። «በዚያ ዓመት አንድ ቀይ ካርድ አላየንም።» ትንሽ ቆይተው «ነጥብም አላየንም» ብለው ጨመሩበት።

እኔ መፍቻ እንደጠፋበት ሰው ወለሉን ማየት ጀመርኩ።

ኃላፊው ራሳቸው ገብተው ዋንጫውን አዞሩት። ፊቱ ጠራ፤ ጽሑፉ ግን ከኋላው መስታወት ውስጥ ግራና ቀኙን ቀይሮ ብቅ አለ። መስታወቱ ብርሃኑን መልሶ ስለሚወረውርበት ጀርባውም ከፊቱ ባልተናነሰ በርቷል። ትንሽ ወደ ቀኝ አዞሩት፣ ትንሽ ወደ ግራ። የትም ቢያዞሩት ወይ በፊት ወይ በመስታወት ይነበባል። ሽማግሌው «እርስዎ እኮ እጥፍ ይሁን ብለዋል» አሏቸው፣ በፍጹም አክብሮት።

በመጨረሻ «የተገለበጠ ማን ያነባል!» ተብሎ ጀርባውን እንደሰጠ ቀረ። በማግስቱ የታዳጊ ቡድኑ ልጆች ከክብር እንግዶቹ ቀድመው መደርደሪያው ጋ ደረሱ፤ ልጅ ደግሞ የተገለበጠ ማንበብ ይወዳል። ሳቃቸው መድረኩ ድረስ ተሰማ አሉ። ከሰዓት በኋላ ኃላፊው ደወሉልኝ፤ «ኢንጂነር» መባሌ ቀርቶ «አንተ ልጅ» ሆኛለሁ።

ከዚያ ወዲህ ንድፍ ከማውጣቴ በፊት የየዋንጫውን ጽሑፍ አነባለሁ። ባነበው ኖሮ ምን እንደሚለወጥ ግን አላውቅም፤ ዋንጫው ያው ትልቅ ነው፣ ኃላፊውም ያው ኃላፊ ናቸው።

ቀሪው ክፍያ «በብርሃን አገጣጠሙ ላይ በታየ ጉድለት» ታግዷል። መልስ ስንጽፍ፣ የጸባይ ዋንጫ ባለቤት ለሆነው ክለባችሁ ብዬ ልጀምር ነበር። የሒሳብ ሠራተኛችን ሰረዘችው።