ኩላሊቷ የታመመ ድመቴን ከአዲስ ምግብ ጋር እንዴት እንዳለማመድኳት

ድመቴ ውሮ ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም እንዳለባት በደምና በሽንት ምርመራ ሲረጋገጥ፣ የእንስሳት ሐኪሟ ከሁሉ አስቀድማ ያነሳችው የምግቧን ጉዳይ ነበር። የደከመ ኩላሊት ፎስፈረስን በሚገባ ማስወገድ ስለሚያቅተው ማዕድኑ በደም ውስጥ እየተከማቸ ሕመሙን ያባብሳል፤ ስለዚህም ለኩላሊት ሕመም የሚዘጋጀው ምግብ ፎስፈረሱ የተቀነሰ፣ ፕሮቲኑ የተመጠነ፣ ኦሜጋ 3 የታከለበት ነው። በምንኖርበት በሜሪላንድ እንደ ሂልስ ኬ/ዲ እና ሮያል ካኒን ሬናል ያሉት የሚሸጡት በሐኪም ትእዛዝ ነው። እናቴ «ድመት ከመቼ ወዲህ ነው በሐኪም ትእዛዝ የምትበላው?» ማለቷን እስከ ዛሬ አላቆመችም።

ምግቡን ብገዛም ወዲያው አላቀረብኩላትም። በዚያ ሰሞን ውሮን ያቅለሸልሻት ስለነበር ከንፈሯን ደጋግማ እየላሰች ከሳህኗ ፊት ትመለስ ነበር፤ ድመት ደግሞ እያቅለሸለሻት የቀመሰችውን ምግብ ከሕመሟ ጋር አያይዛ ለዘለቄታው ልትጠላው ትችላለች። በመሆኑም በመጀመሪያ የማቅለሽለሽ መድኃኒት ታዘዘላት፤ የለመደችውን ምግብ በፍላጎት መብላት እስክትጀምርም ጠበቅን።

ከዚያ በኋላ አዲሱን ምግብ በሌላ ሳህን ከቀድሞው አጠገብ አኖርኩላት። ሽታውን ስትለምድ ጥቂት በጥቂት እየቀላቀልኩ ድርሻውን ከፍ አደረግሁ። ለጤነኛ ድመት አንድ ሳምንት ይበቃ ይሆናል፤ ላረጀችና ለታመመች ግን ሳምንታት ያስፈልጋሉ። ከደረቁ ይልቅ የቆርቆሮውን እርጥብ ምግብ የመረጥኩት፣ ብዙ ስለምትሸና ከሰውነቷ የሚወጣውን ውሃ በከፊል ስለሚተካላት ነው። ከማቀዝቀዣ የወጣውን ለብ ሳደርገው ሽታው ስለሚጎላ ቶሎ ትቀርበዋለች። እንግዶች ከወጥ ውስጥ ሥጋ አውጥተው እንዳይሰጧትም ከልክያለሁ፤ ቀይም ሆነ ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴሎች ይጎዳልና።

«ሲርባት ትበላዋለች» የሚለውን ምክር ግን አልተቀበልኩም። ድመት ለጥቂት ቀናት እንኳ ሳትበላ ከቆየች ስብ በጉበቷ ውስጥ ተከማችቶ ለሞት ሊያበቃት ስለሚችል፣ ተስማሚውን ምግብ እምቢ ብላ ከምትጾም የቀድሞውን ብትበላ ይሻላል። ክብደቷን በሕፃናት ሚዛን እየመዘገብኩ፣ በቀነሰች ጊዜ ድብልቁን ወደ ኋላ እመልስ ነበር። አሁንም ከቀድሞው ምግብ ጥቂት ካልታከለበት አትነካም፤ ሐኪሟም ይህን ተቀብላ ፎስፈረስን በአንጀት ውስጥ የሚይዝ ዱቄት አዘዘችላት፤ እሱን ከየምግቧ ጋር እቀላቅልላታለሁ።