ዋሽንቱ የጠፋ ቀን

ባህር ዳር ቪዲዮ ኤዲት እሰራለሁ፣ ያኔ ድምፅ ማጽዳት ማለት አንድ ጥሩ ፕለጊን (ኤዲት ሶፍትዌሩ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) አምጥቶ መጫን ብቻ ይመስለኝ ነበር። አንድ ልጅ አባቱን ጢስ ዓባይ ፏፏቴው ፊት አስቀምጦ የቀረጸውን ይዞ መጣ፣ ሽማግሌው ስለ እረኝነታቸው ያወራሉ፣ መጨረሻ ላይ ደሞ ዋሽንት ይነፋሉ። ቀረጻው መስከረም ላይ ስለሆነ ውሃው ሞልቷል፣ ማይኩም ካሜራው ላይ ያለው ስለሆነ ከሳቸው ይልቅ የሚሰማው ፏፏቴው ነው።

ቶሎ ላስረክብ ብዬ በኤአይ የሰው ድምፅ ብቻ ለይቶ የሚያስቀረውን ፕለጊን ሙሉው ታይምላይን ላይ ጫንኩት፣ መጠኑንም 100 አደረግኩ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደቂቃ በላፕቶፑ ስፒከር ሰማሁ፣ ጸጥ ብሏል፣ ደስ ብሎኝ ኤክስፖርት አድርጌ ላክሁ።

ማታ ልጁ ደወለ። «ወንድሜ፣ የአባቴ ዋሽንትስ?»

ከፍቼ ሳየው የአባባ ጣት ቀዳዳው ላይ ይሄዳል፣ ይነፋሉ፣ ድምፅ የለም፣ አልፎ አልፎ ብቻ ቁርጥ ቁርጥ ያለ ነገር ይሰማል። በጣም ነው የደነገጥኩት። ለካ እንዲህ አይነቱ ፕለጊን የሰለጠነው ንግግር እንዲያወጣ ነው፣ ንግግር ያልሆነውን ዋሽንትም ይሁን ወፍ እንደ ጫጫታ ይቆጥረዋል። ንግግሩንም በሄድፎን ስሰማው «ሰ» እና «ሸ» ተበልተዋል፣ ምክንያቱም ፏፏቴ ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ፍሪኩዌንሲውን ሁሉ ይሞላል፣ እነዚህ ፊደሎች ደግሞ ራሳቸው እንደ ውሃ ሽሽ የሚሉ ናቸው፣ ስለዚህ አብረው ይጠረጋሉ። የሰውየው አነጋገር ሌላ ሰው ሆኗል፣ ይሄ ከዋሽንቱ እኩል አሳዘነኝ።

ደግነቱ ኦሪጅናሉ ነበረኝ። ንግግሩንና ዋሽንቱን ለያየኋቸው። ለንግግሩ አይዞቶፕ አርኤክስ ከሚባለው የድምፅ ማጽጃ ሶፍትዌር ስፔክትራል ዲኖይዝን (ጫጫታ መቀነሻውን) ወሰድኩ፣ አባባ ሳይጀምሩ ውሃው ብቻ የሚሰማበትን ጥቂት ሰከንድ ጫጫታው ይሄ ነው ብዬ አስተማርኩትና 8 ዲሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ብቻ ቀነስኩ (ብር ለሌለው ኦዳሲቲ የሚባለው የድምፅ ሶፍትዌር ውስጥ ያለው ኖይዝ ሪዳክሽንም በነጻ በዚሁ መንገድ ነው የሚሰራው)። ዋሽንቱ ላይ ምንም ዲኖይዝ አልነካሁም፣ ዋሽንት ወፍራም ድምፅ ስለሌለው ከ150 ኸርዝ በታች ያለውን የውሃ ጉርምርምታ በኢኪው (ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለይቶ በሚቀንሰው መሳሪያ) ቆረጥኩ፣ በቃ። ፏፏቴው ከኋላ እየወረደ ስለሚታይ ትንሽ ቢሰማ እንኳን ያምራል።

ቤት ውስጥ የተቀረጸችው አጭር ክፍል ላይ ደሞ የቻርጀር እምምም የሚል ድምፅ ነበር፣ እሱ ዲሃም (የመብራት እምምታን የሚያጠፋው መሳሪያ) ነው የሚፈልገው፣ ግን መሳሪያው 60 ላይ ከሆነ ወደ 50 ኸርዝ ቀይሩት፣ የኛ መብራት 50 ነው፣ 60 የአሜሪካ ነው።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጨረስኩ፣ ከመላኬ በፊት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በሄድፎን ሰማሁት። ጠዋት ልጁ መጥቶ አጠገቤ ቁጭ ብሎ አዳመጠ፣ ዋሽንቱ ሲጀምር ድምፁን ጨመረው፣ ከዛ ፍላሹን ኪሱ ከቶ ለአባቱ ሊያሰማቸው ወደ ጢስ ዓባይ ሄደ።