50 ኪሎዳልተን ላይ የሸወደኝ ባንድ

ዌስተርን ብሎት ነው የምሰራው፣ ፕሮቲኖችን በክብደት ለይቶ የምትፈልጊውን በአንቲቦዲ ባንድ (መስመር) አድርጎ የሚያሳይ ሙከራ። ባንዱን ሳየው ላብራቶሪ ውስጥ ብቻዬን ጮህኩ። 50 ኪሎዳልተን (የፕሮቲን ክብደት መለኪያ ነው) ላይ ጥርት ያለ ጥቁር መስመር! የምፈልገው ፕሮቲን፣ ከቫይታሚን ኤ የሚሰራውን ሬቲኖይክ አሲድ የሚቀበለው ሬቲኖይክ አሲድ ሪሴፕተር አልፋ፣ 462 አሚኖ አሲድ ነው፣ ክብደቱም እዛው 50 አካባቢ፣ በቃ አገኘሁት ብዬ ፎቶውን ለአድቫይዘሬ በቴሌግራም ላኩና ሁለት ሳምንት ስኮራ ከረምኩ።

ስራው ቫይታሚን ኤ ሲጎድል የአይጥ ጉበት ውስጥ ይሄ ሪሴፕተር ምን ይሆናል የሚል ነው። ያው ዳፍንት የሚያመጣው እጥረት፣ አያቴ መንዝ ሆና ጉበት ብሉ ጉበት ብሉ የምትለን ለሱ ነበር።

ደብረ ብርሃን ላይ መጀመሪያ የታገለኝ ብርዱ ነው። ሙከራው በሁለት አንቲቦዲ ነው፣ ፕራይመሪው ፕሮቲኑን ይይዛል፣ ሰከንደሪው ፕራይመሪውን ይዞ ባንዱ እንዲታይ ያደርጋል። ፕሮቶኮሉ ሰከንደሪውን በሩም ቴምፕሬቸር አንድ ሰዓት አቆዪ ይላል፣ የማን ሩም? ታህሳስ ጠዋት ላብራቶሪው ውስጥ ቴርሞሜትሩ 13 ነው የሚለው፣ ከጋውን ስር ሹራብ ደርቤ ነው ፒፔት የምይዘው። ሻከሩን ሄተር አጠገብ አስጠግቼ 22 ሲደርስ መጀመር ከጀመርኩ በኋላ ባንዱ ይበልጥ ደመቀ፣ እኔም ይበልጥ ተሸወድኩ።

የነቃሁት ነባሩ ቴክኒሽያናችን ፎቶውን አይቶ "ፕራይመሪ ሳታደርጊ ሞክረሽዋል?" ሲለኝ ነው። "ኧረ ጋሼ፣ ያለ ፕራይመሪማ ምን ይወጣል?" አልኩት። ዝም ብሎ ሜምብሬኑን (ፕሮቲኖቹ የተለጠፉበትን ወረቀት መሳይ ነገር) በመቀስ ለሁለት ቆረጠልኝ፣ አንዱን ቁራጭ በሰከንደሪ ብቻ ሰራሁት። ያው ባንድ፣ እዛው ቦታ፣ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። እውነቱን ለመናገር ላለቅስ ምንም አልቀረኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮለርና ሚልስታይን የሚባሉ ሳይንቲስቶች በፈረንጆች 1975 ባሳዩት መንገድ የአይጥ የመከላከያ ሴል ከካንሰር ሴል ጋር ተዋህዶ ነው የኔው ሞኖክሎናል (አንድ ዓይነት ብቻ የሆነ አንቲቦዲ) የተመረተው፣ ስለዚህ ፕራይመሪዬ ራሱ የአይጥ አንቲቦዲ ነው፣ ሰከንደሪው ደግሞ የአይጥ አንቲቦዲ ሁሉ ይይዛል። ጉበት ደግሞ ደም የሞላበት ነው፣ ደሙ ውስጥ የአይጧ የራሷ አንቲቦዲ አለ፣ ናሙናው ፈልቶ አንቲቦዲው ሲፈታ ሄቪ ቼይኑ (ትልቁ ክፍሉ) የት ይወርዳል? 50 ላይ! 25 ላይም ላይት ቼይኑ (ትንሹ ክፍሉ) ነበረ፣ እኔ ቆሻሻ ነው ብዬ ከፎቶው ቆርጬ ጥዬዋለሁ። ያ ነው እስካሁን የሚያናድደኝ።

ከዛ ሰከንደሪው የአይጧን አንቲቦዲ እንዳይነካ ከጥንቸል የተሰራ ሞኖክሎናል ከነሰከንደሪው አስመጣን (ስንት ወር እንደጠበቅኩ አትጠይቁኝ)፣ እንደመጣ አስር አስር ማይክሮሊትር ከፋፍዬ ፍሪዘር ከተትኩት፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ሁሉም አብሮ እንዳይቀልጥ ግማሹን ሌላ ህንፃ አስቀመጥኩ። ጉበቱንም በሳላይን ደሙን አጥቤ፣ ሪሴፕተሩ የሴሉ ኒውክለስ ውስጥ ስለሚበዛ ኒውክለሱን ለብቻ አወጣሁ።

አሁን የሚወጣው ባንድ ቀጭንና ፈዛዛ ነው፣ ኒውክለሱ ላይ ብቻ ይታያል፣ ፕራይመሪ የሌለው ቁራጭ ደግሞ ነጭ ወረቀት። የድሮውን ፎቶ ከቴሌግራም ላጠፋው ስል አድቫይዘሬ ቀድማኝ ወስዳዋለች፣ ለአዲስ ተማሪዎች እያሳየችው ነው።