በረሮው ከጅማ አልመጣም

ጅማ ከገባሁ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ክረምቱ ገና አልወጣም፤ ኮቺ ሰፈር ባለው የእናቴ ግቢ ሣሩ ጉልበት ደርሷል፣ የማድ ቤቱ ግድግዳ ሲነኩት እጅ ያረጥባል፣ ሰፌዱም ከምድጃው አጠገብ ካልተሰቀለ በጥቂት ቀን ይሻግታል። ትናንት ማታ ቡናው ቶና ላይ ደርሶ ሳለ ከቡሃቃው ሥር አንድ ትልቅ ቀይ ቡኒ በረሮ ወጥቶ ወደ ፍሳሽ መውረጃው ሮጠ። ዲቪ ደርሶት ጉዞውን የሚጠብቀው የእህቴ ልጅ በጫማው ደፈጠጠውና «አክስቴ፣ አንቺስ ከዚህ ጉድ ተገላግለሻል፤ እዚያ አገር በረሮ የሚባል ነገር አይታወቅም አይደል?» አለኝ። ቡና ሊጠጡ የመጡት ጎረቤቶቻችንም «እዚያማ ምን በረሮ አለ!» እያሉ ተቀበሉት። መልስ ሳልሰጥ ስኒዬን አነሣሁ። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ በስደት ካሳለፍኳቸው 10 ዓመታት ሁሉ ይበልጥ ያሸማቀቀኝ ቀን የመጣው በበረሮ ነበርና፣ ይህንንም እስከ ዛሬ ለቤተሰቤ ነግሬ አላውቅም ነበርና።

የምኖረው ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ያኔ የተከራየሁት ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ የነበረ ባለ አንድ መኝታ ሲሆን ወጥ ቤቱ መስኮት አልነበረውም። እኛ ጋ ማድ ቤት ከዋናው ቤት ተለይቶ ይሠራል፤ ጢሱም እንፋሎቱም በጣሪያውና በግድግዳው መሃል መውጫ አያጣም። እዚያ ግን ወጥ ቤቱና ሳሎኑ አንድ ናቸው፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ ስጋግር ከአክንባሎው ሥር የሚወጣው እንፋሎት መሄጃ አጥቶ የቁም ሳጥኑን እንጨት ያሳብጠዋል፣ በግድግዳው ላይ ወርዶ ከምድጃው ጀርባ ይጠራቀማል። ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ያለው ቧንቧም ጠብ ጠብ ይል ነበር፤ ለአከራዩ ቢሮ ሁለት ጊዜ ተናግሬ ማንም አልመጣልኝም። እኔ ደግሞ ብርድ አገር በረሮ አይኖርም ብዬ አምን ነበር። ውጭ በረዶ ቢቆለልም ሕንፃው ውስጡ ዓመቱን ሙሉ እንደሚሞቅ፣ በረሮም የሚፈልገው ይህንኑ ሙቀት፣ ጥቂት ውሃና ጥቂት ፍርፋሪ ብቻ መሆኑን ማን ነግሮኝ ልወቅ።

በፈረንጆቹ 2018፣ በሐምሌ ወር፣ አብራኝ በአረጋውያን መጦሪያ የምትሠራ አንዲት አሜሪካዊት ቡና እንዳፈላላት ለመነችኝ። ስለ ጅማ ቡና ደጋግሜ ያወራሁላት እኔ ነኝ፤ ቡና በጫካ ውስጥ ራሱን ችሎ የሚበቅልበት አገር ልጅ መሆኔን፣ እናቴ አንድ በአንድ ለቅማ እንደምትልክልኝ ነግሬያት ነበር። ያን ቀን ቤቱን አጥቤ፣ ዕጣን አጭሼ፣ ፈንዲሻ ፈንድቼ ጠበቅኋት። ቡናው ተቆልቶ ጭሱን ወደ እሷ ሳቀርብላት ዓይኗን ጨፍና አሸተተች፤ ኩራቴ ወሰን አልነበረውም። ጀበናው ሲወርድ ስኒ ላወጣ ከጅማ ተሸክሜ የወሰድኩትን ባለ መሳቢያ ረከቦት ሳብኩ። ረከቦቱ የሚቀመጠው ሞተሩ ሌት ተቀን ከሚሞቀው ፍሪጅ አጠገብ ነበር። ከመሳቢያው ሦስት ትንንሽ ፈካ ያለ ቡናማ በረሮዎች ወጡ፤ አንዱ በስኒው ከንፈር ላይ ዞረ፣ አንዱ ፈንዲሻው ላይ ወደቀ፣ ሦስተኛው እጄ ላይ ወጣ።

እንግዳዬ ቦርሳዋን ከወለሉ አንሥታ ታቀፈች። ከዚያም በጣም በለሰለሰ ድምፅ «አትጨነቂ፤ ከቡናው ጋር ከአገርሽ የመጡ ይሆናሉ» አለችኝ። ብትሰድበኝ መልስ አላጣም ነበር። እሷ ግን ያለችው ልታጽናናኝ ነው፤ በቅንነት ስለ ተናገረችም አመንኳት። ቡናውን ሳትቀምስ ሄደች፤ ከዚያ ቀን ወዲህም የሥራ ቦታችን ውስጥ ከእኔ ጋር ምግብ ተካፍላ አታውቅም። ያን ምሽት እናቴ ለቅማ፣ በጨርቅ ከረጢት ሰፍታ የላከችልኝን 2 ኪሎ ቡና ከነከረጢቱ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት። በርበሬውን፣ ሽሮውን፣ ኮረሪማውንም አስከትዬ ጣልኩ።

ቀጥዬም ፍሊት ገዝቼ ወጥ ቤቱን በሙሉ ነፋሁ። የሞቱት ጥቂቶች ናቸው፤ የቀሩት ከሽታው ሸሽተው ወደ ግድግዳው ውስጥና ወደ መኝታ ቤቴ ገቡ። የዚህ ዝርያ ሴት በረሮ ከ30 እስከ 40 ዕንቁላል የያዘ ከረጢት ከጅራቷ ጋር ይዛ ትዞራለች፣ እስኪፈለፈልም ድረስ አትጥለውም፤ ጫጩቱም ሙቀቱ ከተስማማው በ2 ወር ገደማ ለመውለድ ይደርሳል። ስለዚህ መስከረም ሲገባ ከሐምሌው ብሶ አገኘሁት።

እውነቱን የነገረኝ ለአከራዩ ከጻፍኩት ብዙ ደብዳቤ በኋላ የተላከው ተባይ አጥፊ ባለሙያ ነው። አንዱን በማጣበቂያ ወጥመድ ይዞ ከበረሮው ጭንቅላት ጀርባ ያሉትን ሁለት ጥቁር መስመሮች አሳየኝና ይህ የጀርመን በረሮ የሚባለው ነው፤ ከሌላ አገር ቡና ጋር ሳይሆን በቧንቧው ቀዳዳ ከጎረቤቶችሽ ግድግዳ የመጣ ነው አለኝ። በዚያው ቧንቧ የሚገናኙት አራቱም ቤቶች ተወረው ነበር፤ አንደኛው ቤት እኔ ከመግባቴ በፊት ለዓመታት እንዲሁ ነበር። በላይኛው ፎቅ የሚኖሩ አንዲት የጎንደር እናት በኋላ «ልጄ፣ እኛም ጋ ነበረ፤ ስማችን እንዳይነሣ ብለን ነው ዝም ያልነው» አሉኝ። የእኛ ሰው ጥፋት ይህ ነው። በረሮ አለ የተባለበት ቤት በማኅበሩም በለቅሶውም መነጋገሪያ ስለሚሆን እያንዳንዳችን ለየብቻ ደብቀን አብረን አረባነው። አሜሪካውያኑም ቢሆኑ ስሙን መጥራት አይወዱም፤ ትልቁን በረሮ የውሃ ነፍሳት ብለው ያቆላምጡታል፣ የተጎዳውን ተከራይ ደግሞ ቤትህን በንጽሕና ያዝ የሚል ወረቀት በሩ ላይ ይለጥፉበታል።

ከዚያ በኋላ ስለዚህ ፍጥረት ያላነበብኩት የለም። የጀርመን በረሮ የሚለውን ስም ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኒየስ በፈረንጆቹ 1767 ቢያወጣለትም ጀርመኖቹ የሩስያ በረሮ ሲሉት ሩስያውያን ፕሩሳክ፣ ማለትም ፕሩስያዊ፣ ይሉት ነበር። በፈረንጆቹ 2024 የታተመ የዘረ መል ጥናት ደግሞ መነሻው ከ2,100 ዓመት ገደማ በፊት ደቡብ እስያ መሆኑን አሳይቷል። ትናንት ማታ ማድ ቤታችን ውስጥ የተገደለውን የመሰለው፣ ርዝመቱ 4 ሳንቲ ሜትር ግድም የሚደርሰው ትልቁ ቀይ ቡኒ፣ የአሜሪካ በረሮ ይባላል፤ እሱም ከአፍሪካ በመርከብ ተጭኖ የተሻገረ ነው። ሁሉም ሕዝብ በረሮውን የሌላ አገር ሰው አድርጎታል፤ እኔም በራሴ ቤት ውስጥ ያንኑ ፍርድ ተቀብዬ የእናቴን ቡና ጣልኩ።

ያዳነኝ ባለሙያው በማጠፊያዎቹና በመሳቢያዎቹ ጥግ ላይ በምስር ፍሬ ልክ እየቆነጠረ ያኖረው መርዝ ያለበት ጄል ነው። የበላው በረሮ ጎሬው ገብቶ ይሞታል፣ ሌሎቹም ኩሱንና ሬሳውን በልተው ይከተሉታል። ፍሊት ግን በአጠገቡ ከተነፋ ጄሉን አይቀምሱትም፤ ስለዚህ ፍሊቱን ጣልኩ። ቧንቧው ተጠገነ፣ ዙሪያው በሲሊኮን ተደፈነ፣ እኔም ገንዳውን ሳላደርቅና የሊጡን ባልዲ በጥብቅ ሳልከድን መተኛት አቆምኩ፤ ምጣዱ ሲጣድ ማራገቢያ ወደ ውጭው በር አዞራለሁ። በረሮ ምግብ ቢያጣ ሳምንታት ይቆያል፤ ውሃ ካጣ ግን ብዙ አይቆይም። ሙሉ በሙሉ ለመጥፋት ሦስት ወር ፈጀ።

ስለዚህ ለእህቴ ልጅና እንደ እሱ ሻንጣ ለምታዘጋጁ ሁሉ የምለው አለኝ። ውል ከመፈረማችሁ በፊት ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ያለውን ሳጥን ከፍታችሁ በስልካችሁ መብራት ማጠፊያዎቹን እዩ፤ የተፈጨ ቡና የመሰለ ጥቁር ብናኝ ካለ የእነሱ ኩስ ነው፣ ኪራዩ ቢረክስም ተዉት። ከመንገድ ዳር የተጣለ ፍሪጅና ካርቶን አታስገቡ። ለአከራይ በቃል አትናገሩ፤ ቀን ያለበት ደብዳቤ ጻፉ፣ ቅጂውንም አስቀምጡ፤ እኔ የተሰማሁት ስጽፍ ብቻ ነው። ልጆች ያላችሁ ደግሞ አትዘግዩ፤ የበረሮ ኩስና ቅርፊት የልጆችን አስም ያስነሣል። ከሁሉ በላይ ግን አትደብቁት፤ በዚያው ሰሞን የጎረቤታችሁን በር አንኳኩ።

ዛሬ ጠዋት የእናቴን ማድ ቤት ይዤ ዋልኩ። ቡሃቃውን ከግድግዳው አራቅሁት፣ የፍሳሹን አፍ በወንፊት ሽቦ ሸፈንኩት። በውሃ ጠርሙስ ተቀድቶ ከገበያ የመጣውን የእርሻ መድኃኒት ከእህል ዕቃው አጠገብ ስላገኘሁት በዚህ ነገር ከእናቴ ጋር ተጋጨን፤ ስያሜም መጠንም የሌለው የተባይ መርዝ ሊጥ በሚቦካበት ቤት አይረጭም። ሥራውን ስንጨርስ የስኒውንና የቡናውን ታሪክ ነገርኳት። ብዙ ዝም ብላ ቆየችና «ታዲያ ለምን ሳትነግሪኝ ቀረሽ? ሌላ እልክልሽ ነበር» አለችኝ። ዝናቡ ጋብ ሲልም ሰሌኑን በረንዳው ላይ አንጥፋ ቡና አፈሰሰችበት። የእህቴ ልጅ አጠገቧ ተቀምጦ እየለቀመ ነው።