ከአሜሪካ የተላከ የብራውኒ አሠራር አዲስ አበባ ላይ ሲጋገር

ብራውኒ በምድጃ የሚጋገር የቸኮሌት ጣፋጭ ነው፤ ዱቄቱ ከኬክ ያነሰ፣ ቸኮሌቱና ቅቤው የበዛ ነው። ጥሩ የወጣለት ላዩ እንደ ወረቀት ስስና ስንጥቅጥቅ ያለ፣ ውስጡ ጥቅጥቅ ያለና እርጥብ ይሆናል። አሜሪካ ያሉ ዘመዶች የሚልኩት አሠራር እዚያ ግሩም ሆኖ አዲስ አበባ ላይ መሐሉ ሰምጦ፣ ጠርዙ እንደ ከረሜላ ደርቆ ከወጣ፣ ጥፋቱ የጋጋሪዋ ላይሆን ይችላል፤ አብዛኛው አሠራር የተጻፈው ለዝቅተኛ ቦታ ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የሊጡ ውሃ ቶሎ ይተናል፣ ስኳሩ ይከማቻል። ስኳር ሲበዛ ደግሞ ዕንቁላሉና ዱቄቱ ቶሎ አይጠነክሩም፤ መሐሉ የሚሰምጠው ለዚህ ነው። ስለዚህ ስኳር ይቀነሳል፣ ዱቄት ትንሽ ይጨመራል፣ ሙቀቱም በ10 ዲግሪ ገደማ ከፍ ይላል። አሠራሩ ቤኪንግ ፓውደር ካለው ግማሹ ይበቃል።

ከሁሉ በፊት ግን ልኬቱ ይስተካከል። የአሜሪካ ካፕ 240 ሚሊ ሊትር ነው፤ የሻይ ብርጭቆ አይተካውም። አንድ ካፕ ስኳር 200 ግራም፣ አንድ ካፕ ዱቄት 120 ግራም ገደማ፣ አንድ ስቲክ ቅቤ (አሜሪካ ውስጥ ተጠቅልሎ የሚሸጥ አንድ ፍሬ) 113 ግራም ይመዝናል። 350 ፋራናይት ማለት 177 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ለጋገራ አንድ ዕቃ ብቻ የሚገዛ ሰው ሚዛን ይግዛ።

ለ20 በ20 ሳንቲ ሜትር መጋገሪያ፣ ለአዲስ አበባ ተስተካክሎ፦ ጥቁር ቸኮሌት 200 ግራም፣ የገበታ ቅቤ 150 ግራም፣ ስኳር 220 ግራም፣ የፉርኖ ዱቄት 100 ግራም፣ የኮኮዋ ዱቄት 30 ግራም፣ ጨው ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ ወፍራም አቦል ቡና 2 የሾርባ ማንኪያ። ቡናው የቸኮሌቱን ጣዕም ያጎላል፤ የሚተነውንም ውሃ ይተካል። ዕንቁላል ሦስት ትልልቅ፣ ማለትም ያለ ቅርፊቱ 150 ግራም። የሐበሻ ዶሮ ዕንቁላል አነስ ስለሚል አራት ሊያስፈልግ ይችላል። በኮሰረትና በኮረሪማ የተነጠረ ቅቤ እዚህ ቦታ የለውም።

ቸኮሌት ሲገዛ የጀርባው ጽሑፍ ይነበብ። ከኮኮዋ ቅቤ ይልቅ የአትክልት ቅባት የተጻፈበት ከሆነ ጣዕሙ ደካማ ነው፣ አፍ ውስጥም እንደ ሰም ይቀራል።

ቸኮሌቱና ቅቤው አብረው የሚቀልጡት ለስለስ ብሎ በሚፈላ ውሃ ላይ በተቀመጠ ሳህን ነው፤ ሳህኑ ውሃውን አይንካ፣ አይከደንም። ብቻውን በሚቀልጥ ቸኮሌት ላይ ጥቂት ጠብታ ውሃ ቢገባ ተቋጥሮ ይደርቃል። ያን ጊዜ ሙቅ ውሃ በማንኪያ እየጨመሩ ማማሰል ይመልሰዋል፤ ለብራውኒ ያገለግላል።

ዕንቁላሉና ስኳሩ፣ ስኳሩ በጣት መሐል እስከማይሻክር ድረስ በእጅ ይመታሉ። ያ ስስ ቅርፊት የሚገኘው ከሟሟው ስኳር ነው። በማሽን አረፋው ቀጥ ብሎ እስኪቆም መምታት ግን ከፍታ ላይ ይጎዳል፤ የገባው አየር ምድጃ ውስጥ ከልክ በላይ ይነፋና ይወድቃል። ከዚያ ለብ ያለው ቸኮሌትና ቡናው ይጨመራል። ትኩስ ከሆነ ዕንቁላሉን ያበስለዋል። ዱቄቱ፣ ኮኮዋውና ጨው ተነፍተው ይገባሉ፤ በላስቲክ ማንኪያ ከሥር ወደ ላይ ይገለበጣል፣ ነጭ ዱቄት እንደጠፋ ይቆማል። ብዙ ከታሸ እንደ ዳቦ ይጠነክራል።

ቀድሞ በጋለ 185 ዲግሪ ምድጃ፣ የመጋገሪያ ወረቀት በተነጠፈበት የብረት መጋገሪያ ይገባል። የመስታወት ከሆነ 170 ይበቃል። 23 በ23 በሆነ መጋገሪያ ሊጡ በሲሶ ያህል ሰፍቶ ስለሚሳሳ ቶሎ ይደርቃል። ከ22ኛው ደቂቃ ጀምሮ በስቴኪኒ ይፈተን፦ እርጥብ ፍርፋሪ ይዞ ሲወጣ ደርሷል፤ ፈሳሽ ሊጥ ከያዘ ሦስት ደቂቃ ይጨመር። ንጹሕ ሆኖ ከወጣ አልፎበታል። መብራት መጨረሻው ላይ ከጠፋ በሩን አለመክፈት ነው፤ የቀረው ግለት ሥራውን ሊጨርስ ይችላል።

ትኩሱን ብራውኒ መቁረጥ ማበላሸት ነው። የቀለጠው የኮኮዋ ቅቤ ሲቀዘቅዝ ነው የሚጸናው፤ ሁለት ሰዓት በመጋገሪያው ውስጥ ይቆይ፣ ከዚያ አንድ ሰዓት ፍሪጅ። ቢላዋው በሙቅ ውሃ ተነክሮ፣ በየቁራጩ እየተጠረገ ይቆረጣል።