ውኃ ይዞ የተመለሰው ቦቴ

ባለፈው ሐምሌ፣ ለገሀር ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት፣ የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ካለበት ትንሽ ፈቀቅ ብሎ በሚገኝ ቡና ቤት ውስጥ፣ ጡረታ ከወጡ አንድ የጅቡቲ ወታደር ጋር ለሦስት ቀን ያህል ተቀምጬ ተጨዋውቻለሁ። የጅቡቲ ሙቀት የሚበረታው በእኛ ክረምት በመሆኑ ብዙ ጅቡቲያውያን በዚያ ወቅት ወደ ድሬዳዋና ወደ አዲስ አበባ ይመጣሉ። እኚህ ሰውም የመጡት ሙቀቱን ለመሸሽና የሚያማቸውን ጉልበት ለመታከም ነበር። ልጅነታቸውን ድሬዳዋ ስላሳለፉ አማርኛቸው የተጣራ ነው። አባቴ የሸሚንደፈር፣ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር፣ ሠራተኛ እንደነበረ ስነግራቸው ወንበራቸውን አስጠግተው «እንግዲያው ልጄ ነህ» አሉኝ፤ ከዚያ በኋላም በሌላ ስም አልጠሩኝም።

በአዲስ አበባ ስለ ጅቡቲ ወሬ ሲነሣ የሚጀመረው ከወደቡ ነው። አገራችን ከውጭ ከምታስገባው ዕቃ ከ90 በመቶ የሚበልጠው በዚያ በኩል የሚያልፍ በመሆኑ ይህ የሚያስገርም አይደለም። ወሬው ወደ ጦር ከዞረ ደግሞ የሚነሡት አሜሪካኖቹ፣ ፈረንሳዮቹና ቻይናዎቹ ናቸው። «ጅቡቲ የራሷ ጦር አላት እንዴ?» የሚለውን ጥያቄ ከተማሩ ሰዎች አፍ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ የሚመልስም አላጋጠመኝም። ጉዳዩ ለእኛ ቅርብ ሆኖ ሳለ ይህን ያህል ሳናውቀው መኖራችን ስለሚያሳዝነኝ፣ ከሽማግሌው የሰማሁትንና ከዚያ በፊትም በኋላም ያነበብኩትን አንድ ላይ አድርጌ እዚህ አስፍሬዋለሁ። ዘመኑን በእኛ አቆጣጠር ጽፌያለሁ።

ጅቡቲ ነፃነቷን ያገኘችው ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. ሲሆን ጦሯም የተመሠረተው በዚያው ዓመት ነው። ፈረንሳይ ባንዲራዋን ብታወርድም በስምምነት በሺዎች የሚቆጠሩ ወታደሮቿን እዚያው ስላስቀረች፣ አዲሱ ሠራዊት ሥልጠናውንም፣ ማዕረጉንም፣ የትእዛዝ ቋንቋውንም የወረሰው ከእሷ ነው። የእኔ ሽማግሌ ማዕረጋቸውን ሲናገሩ «አጁዳን» ነው የሚሉት፤ በፈረንሳይ ጦር የበታች ሹም ማዕረግ ነው፤ ወደ አማርኛ እንዲመልሱልኝ ብጠይቃቸው ፈቃደኛ አልሆኑም። ዛሬ ሠራዊቱ የምድር ጦር፣ ጥቂት የጥበቃ ጀልባዎች ያሉት ባሕር ኃይል፣ አነስተኛ አየር ኃይል፣ የሪፐብሊኩ ዘብና ዣንዳርሜሪ (የፖሊስ ሥራ የሚሠራ የጦር ክፍል) ያለው ሲሆን ጠቅላላ ቁጥሩም ወደ 10 ሺህ ይጠጋል። ይህ ቁጥር ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ኢምንት ይመስለናል። ነገር ግን የአገሪቱ ሕዝብ አንድ ሚሊዮን ገደማ ስለሆነ፣ ከመቶ ነዋሪ አንዱ ወታደር ነው ማለት ነው። በእንዲህ ያለ አገር ወታደር የማይታወቅ ሰው ሊሆን አይችልም፤ ወይ የአጎት ልጅ ነው፣ ወይ የጎረቤት ልጅ፣ ወይም አብሮ አደግ።

ይህ ቅርበት በ1984 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ከባድ ፈተና ሆኖ መጣ። ፍሩድ የተባለው፣ በአብዛኛው ከአፋሮች የተውጣጣው ታጣቂ ድርጅት በሰሜን፣ በታጁራና በኦቦክ በኩል ጦርነት ሲከፍት ሠራዊቱ የራሱን ዜጎች ለመውጋት ተሰለፈ። መንግሥት በችኮላ ብዙ ወጣቶችን በመመልመሉ የሠራዊቱ ቁጥር በአጭር ጊዜ ውስጥ በብዙ እጥፍ አደገ። ታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. ከአንደኛው የድርጅቱ ክንፍ ጋር ሰላም ከተፈረመ በኋላ ደግሞ እነዚያን ሁሉ ሰዎች ወደ ሲቪል ሕይወት መመለስ ለድሃው ግምጃ ቤት ሌላ ሸክም ሆነ። የመጨረሻው ስምምነት የተፈረመው ግንቦት 1993 ዓ.ም. ነው። አጁዳኑ ስለዚያ ጦርነት አንድ ነገር ብቻ ነገሩኝ፤ በአንድ የጦር ሠፈር ውስጥ የሁለቱ ብሔረሰብ፣ የአፋርና የሶማሌ፣ ልጆች ራት አብረው በልተው ሲያበቁ ሬዲዮው ሊከፈት ሲል ሁሉም ተነሥተው ይወጡ ነበር። ከዚያ በላይ አልጨመሩም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም።

በሰፊው ያወሩኝ ስለ ዱሜራ ነው። ራስ ዱሜራ በባብ ኤል መንደብ ሰሜናዊ መግቢያ በኩል ወደ ቀይ ባሕር የገባ ድንጋያማ ኮረብታ ሲሆን፣ አጠገቡም በዚያው ስም የሚጠራ ደሴት አለ። የጅቡቲና የኤርትራ ድንበር በዚያ እንዲያልፍ ፈረንሳይና ኢጣሊያ የተስማሙት በ1892 ዓ.ም. ነበር። በ1927 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት መስመሩን ወደ ደቡብ የሚገፋ ሌላ ውል ቢፈራረሙም ውሉ አልጸደቀም፤ ያ በእንጥልጥል የቀረ ወረቀት ከሰባ ዓመት በኋላ የሰው ሕይወት አስከፈለ። በ2000 ዓ.ም. የኤርትራ ወታደሮች በኮረብታው ላይ ምሽግ መቆፈር ጀመሩ፤ ጅቡቲም ጦሯን አመጣች። የሁለቱ አገር ወታደሮች የሚነጋገሩት እስኪሰማ ድረስ ተጠጋግተው ለሳምንታት ተፋጠጡ። ሰኔ 3 ቀን ተኩስ ተከፈተ። በጅቡቲ በኩል እንደሚነገረው መነሻው ከድተው የመጡ የኤርትራ ወታደሮችን አልመልስም ማለቷ ነው፤ ኤርትራ ግን የቀረበባትን ክስ አልተቀበለችም። ውጊያው ጥቂት ቀናት ብቻ ቢቆይም ጅቡቲ በርካታ ወታደሮቿን አጣች።

አጁዳኑ በዚያን ጊዜ የውኃ ቦቴ ሾፌር ነበሩ። ያ ምድር ምንጭ የለውም፤ ግንባር ላይ ያለ ወታደር የሚጠጣው ከኋላ የመጣለትን ነው። ስለዚህ ሰዎቹን ከፊታቸው ይልቅ በጄሪካናቸው ነበር የሚያውቋቸው፤ አንዱ ስሙን በምስማር ጭሮበታል፣ ሌላው ክዳኑ ስለጠፋበት በጨርቅ ይወትፈዋል፣ አንድ ልጅ ደግሞ ከሌላው ለመለየት እጀታው ላይ ሰማያዊ ክር አስሮበታል። ሁልጊዜ የሚጫነው ውኃ አይበቃም ነበርና ቦቴው የሚመለሰው ጠብታ ሳይቀረው ነው። «ከተኩሱ በኋላ የወትሮውን ያህል ጭኜ ሄድኩ፤ ውኃ ይዤ ተመለስኩ» አሉኝ። ይህን ሲናገሩ በእጃቸው የነበረውን የውኃ ብርጭቆ በቀስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት፤ እስክንነሣም ድረስ መልሰው አላነሡትም።

እዚህ አዲስ አበባ በዚያ ሳምንት ምን ስንል እንደነበር አስታውሳለሁ። ከ1990ው ጦርነት ጀምሮ አሰብ ተዘግቶብን ስለነበር የሁላችንም ጥያቄ ወደቡ ሥራ ያቆማል ወይ፣ ነዳጅ ይጠፋል ወይ የሚል ነበር። በዚያ ኮረብታ ላይ ማን እንደቆመ የጠየቀ ሰው አላስታውስም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ስለ ውጭ ጦር ሠፈሮቹ ብዙ የተባለ ስለሆነ አላስረዝምም። አሜሪካ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በካምፕ ሌሞኒየር ትገኛለች፤ ጃፓን በ2003፣ ኢጣሊያ ከዚያ ጥቂት ዘግይታ ገቡ፤ ቻይናም በ2009 ዓ.ም. ከድንበሯ ውጭ የመጀመሪያዋ የሆነውን የጦር ሠፈር በዶራሌ አጠገብ ከፈተች። ኪራዩ ለአገሪቱ ከፍተኛ ገቢ ነው። ነገር ግን ሰዎች «እነሱ ይጠብቋታል» ሲሉ ስሰማ ዱሜራን አስባለሁ። በዚያ ሰኔ ፈረንሳይ በስንቅ፣ በሕክምናና በመረጃ ረድታለች፤ ምሽግ ውስጥ ሆኖ የተዋጋውና የሞተው ግን ጅቡቲያዊው ነው። በእኔ እምነት ያ ሁሉ የባዕድ ጦር መኖሩ የጅቡቲን ወታደር ሥራ አላቀለለትም፤ እንዳይታይ ግን አድርጎታል።

ይህ ሠራዊት ከድንበሩ ውጭም ዘምቷል። የአፍሪካ ኅብረት ወደ ሶማሊያ የላከው የሰላም አስከባሪ ተልዕኮ የተወሰነው በዚሁ በከተማችን ሲሆን፣ የጅቡቲ ወታደሮች የተቀላቀሉት ታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. ነው። ጓዱ ሂል ወላል ተባለ፤ የወንድም ድጋፍ ማለት ነው። የተመደቡት በሂራን፣ ከእኛ ደጋ የሚወርደው ዋቢ ሸበሌ በሚያቋርጣት በበለደወይኒ ነበር። ከሌሎቹ አገሮች ወታደሮች የሚለዩት ቋንቋው የራሳቸው በመሆኑ ነው፤ ፍተሻ ላይ ያለ ወታደር አንዲትን እናት በአስተርጓሚ ሳይሆን በአፍ መፍቻ ቋንቋው «እናቴ፣ ወዴት ነሽ?» ብሎ ሲጠይቅ የሚፈጠረውን መተማመን በመሣሪያ ብዛት ማግኘት አይቻልም። ዋጋው ግን እስከ ቤታቸው ተከተላቸው፤ ግንቦት 2006 ዓ.ም. በጅቡቲ ከተማ መካከል በአንድ ምግብ ቤት ውስጥ አጥፍቶ ጠፊዎች ፈንጂ አፈነዱ፤ አልሸባብም ኃላፊነቱን ወሰደ።

የቀድሞው የሰሜን ቁስልም ሙሉ በሙሉ አልዳነም። መስከረም 2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በታጁራ ክልል ጋራብቲሳን በሚባል ቦታ በሚገኝ የጦር ሠፈር ላይ ታጣቂዎች አደጋ ጥለው 7 ወታደሮች ገደሉ፤ 6 ደግሞ ወሰዱ። በትልቅ አገር ይህ የአንድ ቀን ዜና ሆኖ ያልፍ ይሆናል። ከመቶ ሰው አንዱ ወታደር በሆነበት አገር ግን ሰባት የለቅሶ ድንኳን ማለት ከተማው ሁሉ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲመላለስ መሰንበቱ ነው።

የዱሜራ ጉዳይ በኳታር ሽምግልና ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ረግቦ ቆየ፤ የኳታር ወታደሮች ሰኔ 2009 ዓ.ም. በባሕረ ሰላጤው አገሮች ጠብ ምክንያት በድንገት ለቅቀው እስኪወጡ ድረስም በሁለቱ መካከል ቆመው ነበር። መጋቢት 2008 ዓ.ም. ኤርትራ 4 የጅቡቲ ምርኮኞችን ለቀቀች። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ኅዳር 2011 ዓ.ም. በኤርትራ ላይ የጣለውን ማዕቀብ ሲያነሣም በውሳኔው ውስጥ ደብዛቸው የጠፋውን የጅቡቲ ወታደሮች ጉዳይ አንሥቷል። ውሳኔው ብዙ ነገር ስለያዘ እኛ ያነበብነው የማዕቀቡን መነሣት ብቻ ነው። አጁዳኑ ግን ያችን አንቀጽ በፈረንሳይኛ በቃላቸው ያውቋታል፤ ጣታቸውን እየቆጠሩ እስከ መጨረሻዋ ቃል ድረስ አነበነቡልኝ።

በሦስተኛው ቀን ፔንሲዮናቸው በር ድረስ ሸኘኋቸው። ዝናቡ አባርቶ ስለነበር ቀስ እያልን በቸርችል ጎዳና ግርጌ ተሻገርን። ጄሪካኑ ላይ ሰማያዊ ክር ያስር የነበረው ልጅ ደብዛቸው ከጠፋው አንዱ መሆኑን የነገሩኝ እዚያ ነው። ስሙንም ነገሩኝ፤ የቤተሰቡ ፈቃድ ስለሌለኝ እዚህ አልጽፈውም። ጄሪካኑ በዚያ ቀን ሊሞላ ከቦቴው ጋር የቀረ በመሆኑ ወደ ቤታቸው ወስደውታል፤ እጀታው ላይ ያለውን ክር ሁለት ጊዜ በአዲስ ለውጠውታል፤ ውኃም ይቀዱበታል።