በሆቴል ኮሪደር የተቀዳው ሸክላ

ሠራተኛ ሰፈር በሚገኘው የአጎቴ ቤት፣ ከነጥላሁን ገሠሠና ከነማሕሙድ አሕመድ ሸክላዎች መሐል የተሸጎጠ አንድ የውጭ አገር አልበም አለ፤ የእንግሊዙ ቡድን የዲፕ ፐርፕል «ማሽን ሄድ»። በልጅነቴ ሸክላውን መንካት ስለማይፈቀድልኝ ለረጅም ጊዜ የማውቀው ሽፋኑን ብቻ ነበር፤ በተወለወለ ብረት ላይ ተንጸባርቀው የተጣመሙት ፊቶች ማታ ማታ ያስፈሩኝ ነበር። ዛሬ እ.ኤ.አ. በ1972 የወጡትን እነዚህን ሰባት ዘፈኖች ከዳር እስከ ዳር ሳላዳምጥ አንድ ወር አያልፈኝም፤ ለምን እንደማይሰለቹኝ የገባኝ ግን የተቀዱበትን ሁኔታ ካወቅሁ በኋላ ነው።

ቡድኑ አልበሙን ለመቅዳት ያሰበው ሞንትሮ በተባለችው የስዊዘርላንድ ከተማ፣ በጄኔቫ ሐይቅ ዳር በነበረ ካሲኖ ውስጥ ነበር። ሆኖም ዲሴምበር 4 ቀን 1971 አሜሪካዊው ሙዚቀኛ ፍራንክ ዛፓ በዚያው አዳራሽ ሙዚቃ እያቀረበ ሳለ ከታዳሚዎቹ አንዱ ወደ ጣሪያው የተኮሰው ርችት እሳት አስነሣና ካሲኖው ወደመ፤ «ስሞክ ኦን ዘ ዋተር» (ጭስ በውሃ ላይ) የተሰኘው የአልበሙ ዘፈን የተወለደው ያን ዕለት በሐይቁ ላይ ከተንሳፈፈው ጭስ ነው። ሮሊንግ ስቶንስ ከተባለው ቡድን የተከራዩት የመቅጃ መኪና ደጅ ቆሞ አዳራሽ ያጡት ሙዚቀኞች መጀመሪያ የገቡበት ቲያትር ቤት ጎረቤቱን በጩኸት ስላስመረረ ፖሊስ መጣባቸው፤ በመጨረሻም ለበረዶው ወራት ተዘግቶ የነበረውን ግራንድ ሆቴልን ይዘው፣ ኮሪደሩን በፍራሽ ደፍነው መጫወት ጀመሩ። ከዚያ ተነሥቶ ውጭ ወደቆመው መኪና ለመድረስ በየክፍሉና በየበረንዳው መሹለክ ግድ ስለነበረ፣ የቀዱትን ሄዶ መስማቱን እርግፍ አድርገው ተዉት።

አልበሙን ያላስረጀው ይህ ይመስለኛል። የሠሩትን እየመላለሱ የመስማት ዕድል ያጡ አምስት ሰዎች ሊተማመኑ የሚችሉት በዚያች ቅጽበት እርስ በርስ በመደማመጣቸው ብቻ ነበር። «ሃይዌይ ስታር» ላይ የሪቺ ብላክሞር የጊታር ሶሎ አስቀድሞ በጥንቃቄ የተዘጋጀ ቢሆንም፣ ከሥሩ የሚጋልበው የኢያን ፔይስ ከበሮ ግን ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን እንደለቀቀ መኪና ይሰማኛል፤ ያም ሆኖ አንዴም መንገዱን አይስትም።

ለአዲስ አበባ ጆሮ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ፤ ኦርጋኑ። ጆን ሎርድ የሐመንድ ኦርጋኑን ለጊታር በተሠራ ማርሻል አምፕሊፋየር ያሳልፈው ስለነበረ ድምፁ ይሻክራል፤ በ«ስሞክ ኦን ዘ ዋተር» ከጊታሩ ጋር ሲደርብ የቱ የማን እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። በ1970ዎቹ ኃይሉ መርጊያ ከዋልያስ ባንድ ጋር በሂልተን ሆቴል ኦርጋን ሲጫወት የሰማ ትውልድ ይህን ድምፅ እንደ ባዕድ ሊቆጥረው አይችልም። የዘፈኑ መግቢያም ቢሆን፣ ሾልካ ከምትገባ አንዲት ድምፅ በቀር፣ ባቲ ማይነር ከሚባለው የእኛው ቅኝት ድምፆች አይወጣም። (ቸርችል ጎዳና ላይ ጊታር ሊገዛ የገባ ወጣት ሁሉ መጀመሪያ የሚሞክረው ይህንኑ መግቢያ ነው፤ ሻጮቹም መታከታቸውን አይደብቁም።)

እርግጥ ሁሉም ዘፈን እኩል አይደለም። ቡድኑ ተወዳጅ ይሆናል ብሎ አስቀድሞ በነጠላ ያወጣው «ኔቨር ቢፎር» ለእኔ ከሁሉ የደከመው ነው፤ ብዙም ያልታመነበት የጭሱ ዘፈን በነጠላ ወጥቶ አሜሪካን ያዳረሰው በ1973 ነበር።

አጎቴ ግን ስለ ጭሱም ስለ እሳቱም ደንታ የላቸውም። ባለፈው እሑድ ይህን ሁሉ ታሪክ በጉጉት ስተርክላቸው አቋረጡኝና፣ ሸክላውን ገልብጠው መርፌውን በጥንቃቄ «ሌዚ» መጀመሪያ ላይ፣ ኦርጋኑ ለብቻው በሚያንጎራጉርበት ቦታ አስቀመጡት። «ወሬህን ተወውና ይኼን ስማ፤» አሉኝ፣ «ሰውዬው ቤተ ክርስቲያን ሲጫወት ኖሮ ያባረሩት ነው የሚመስለው።»